ፍልሰታ ሳይገባ፣ ለእማዬ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ልጆቹ ትምህርት ዘግተው ቤቱን አተራምሰውታል። ትልቁ በቁመት ሊደርስብኝ ነው፤ ትንሿ ፊደል ጨርሳለች፣ ዳዊት የምታስተምረኝ አያቴ ናት ትላለች። ስለ እነሱ ገጹን ብሞላው ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ ሁሉንም ነግራኛለች። አትቆጪያት፣ አስጨንቄ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። በሰኔ ጾም እኩለ ቀን ሲሆን ነገር እንደሚምታታብሽ፣ እሷን በአያታችን በእማሆይ ስም እንደጠራሻት፣ ፊትሽን ላብ እንደሚያጠምቀው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቀመስሽ በኋላ ግን እንደ ድሮሽ እንደምትሆኚ። «እርጅና ነው» ብለሻታል። እማዬ፣ እርጅና ምሳ ሲበላ አይለቅም።

እኔ የምጠረጥረው ጠዋት የምትውጪያትን የስኳር ኪኒን፣ ግሊቤንክላሚድን ነው። ቆሽት ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያስገድዳል፤ ሆድ ውስጥ እህል ይኑር አይኑር ለእሱ ለውጥ የለውም። አንዴ ከተዋጠ እስከ 24 ሰዓት ይሠራል፣ ኩላሊት በዕድሜ ሲደክም ደግሞ ከዚያም ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑ እንደማይስማማ የጻፈው ለዚህ ነው። ወጣት ሰው ስኳሩ ከ70 ሲወርድ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል። አዛውንት ላይ ግን ይህ ምልክት ስለሚደበዝዝ ቀድሞ የሚታየው የንግግር መምታታት፣ ቁጣ ወይም መውደቅ ሊሆን ይችላል። ለግፊት የምትወስጂው አቴኖሎልም የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ይሸፍናል፤ ላቡን ግን አይሸፍንም። የእትዬ ዓይን ላቡን ማየቱ ትልቅ ነገር ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰልኝ ብለሽ አትናቂው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት 16,667 የስኳር ሕመምተኞችን ተከታትሎ፣ ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል የደረሱት በኋላ በመርሳት በሽታ የመያዛቸው ዕድል ከሌሎቹ ከፍ ብሎ አግኝቶታል፤ በተደጋገመ ቁጥርም ይጨምራል።

ስለዚህ እስክትታዪ ድረስ፣ ጠዋት እህል በማትቀምሺበት ቀን ያችን ኪኒን አትውጪ። ቃልሽ ሲምታታ እትዬ ጣትሽን ወግታ ትለካሽ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያው አጠገቧ ከሌለ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣ ትስጥሽ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ትለካ፤ ካልወጣ ትድገመው። ከወጣ በኋላ እንጀራ ወይም ዳቦ ብዪ፣ ስኳሩ ብቻውን አያቆይሽም። መዋጥ ካቃተሽ አፍሽ ውስጥ ምንም እንዳታፈስ፤ ባጃጅ ጠርታ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ታድርስሽ። ተሽሎኛል ብለሽም ከሆስፒታሉ ቶሎ አትውጪ፤ ኪኒኑ ከደምሽ እስኪያልቅ መልሶ ሊጥልሽ ይችላል።

ለሱባኤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ልትገቢ እንዳሰብሽ ሰምቻለሁ። ገዳሙ ያለው ጣና ላይ ዘጌ ነው፣ መንገዱም በብዛት በጀልባ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽምብራ ለመቅመስ የምትጠብቂ ሴት ስኳሯ ረፋድ ላይ ቢወርድ ማን ያያታል? ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ጹሚ ብላ እንደማታስገድድ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ደግሞ እግርሽን ያቃጥልሻል ተብሎ የተጨመረው አሚትሪፕቲሊን አለ። በአዛውንት ላይ ማስታወስን ያደበዝዛል፣ ሆድም ያደርቃል። በድንገት አይቆምም፣ ሐኪሙ እየቀነሰ ያስተውሽ። የእግሩ ማቃጠል ራሱ ከቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊሆን ይችላል፦ ሌላኛው የስኳር ኪኒንሽ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12ን ይቀንሳል፣ አንቺ ደግሞ የዓመቱን እኩሌታ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አትቀምሺም። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ለካህናቱ ትቼዋለሁ፤ በፍስኩ ግን ቀረሶው ደጅሽ ድረስ ይመጣል። የቢ12 መርፌ ከመጀመርሽ በፊት ደምሽ ይወሰድ፣ ከተወጋሽ በኋላ ውጤቱ ያሳስታል።

አሁን የቀረኝን ልጻፍ። በግንቦት ልደታ ማግስት፣ ጾም በሌለበት፣ ጠግበሽ በልተሽ፣ ከጊዮርጊስ ወደ ቤት መንገዱ ጠፍቶሽ ነበር። ይህን ስኳሩ አይፈታልኝም።

እማሆይን አስታውሺ። ጓዳ ያስገባሻት አንቺ ነሽ። ጎረቤት ሲመጣ በሩ ይዘጋ ነበር፤ «ጉንፋን ይዟት ነው» እንድንል አስጠናሽን። ስማችን ከጠፋባት በኋላ ወደ እሷ መግባት ከለከልሽን፣ እሷ ግን ድምፃችንን ስትሰማ ትስቅ ነበር። ለክብሯ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ያን በር ይቅር ማለት እስከ ዛሬ አቅቶኛል። አንቺን ማንም ጓዳ አያስገባሽም፣ የእኔም ስም ቢጠፋብሽ።

የመርሳት በሽታ ከሆነም የሚሠራ ሥራ አለ። ታይሮይድሽ፣ ኩላሊትሽ፣ የደም ማነስሽ ይታይ። ጆሮሽና የዓይንሽ ሞራ ይታይ፤ ያልታከመ የመስማትና የማየት ችግር እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በዘረዘራቸው 14 ለመርሳት በሽታ አጋላጮች ውስጥ አሉ። ዶኔፔዚል ካዘዙልሽ በ5 ሚሊግራም ይጀምራል፤ አያድንም፣ ምልክቱን ያቀልላል። ግን የልብ ምትን ያዘገያልና ከአቴኖሎሉ ጋር ሲሆን አስቀድሞ ምትሽ ይቆጠር፣ የልብ ምርመራም ይደረግልሽ። ማስታወስሽን ለመመርመር ሰዓት ሳዪ ቢሉሽ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን እትዬ ታስረዳቸው።

ሰኞ ጠዋት ከእትዬ ጋር ሂዱ። ኪኒኖቹን ሁሉ ከነካርቶናቸው፣ የማስታገሻውንና የጉንፋኑንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ያዙ። ያልኳቸው የደም ምርመራዎች ባዶ ሆድ አይፈልጉም፤ ቁርስሽን በልተሽ ውጪ። ሐኪሙ ጋ ስትገቡ እትዬ ትደውልልኝ፣ ስልኩ ክፍት ሆኖ እሰማለሁ።

ልጅሽ