ለእማዬ፣ ስለ መንገዱ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ “ለመሆኑ መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?” አልሽኝ። ከዚህ በፊት ጠይቀሽኝ አታውቂም። መስመሩ ተቆረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ።

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ረፋድ ላይ ተነስቶ የትም ሳያርፍ 13 ሰዓት ያህል ይበራል። በነጋታው ጠዋት ቦሌ ነኝ ማለት ነው። ከቦሌ አዘዞ፣ ጎንደር ማረፊያው፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከምናምን። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለ። መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም፣ አንቺው ታውቂዋለሽ። መመለሻው ግን ይረዝማል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላኑ ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል፤ መሃል ላይ አርፎ ይቀዳል። ነፋሱም ከፊት ነው። ወደ አንቺ ስመጣ ከኋላ ይገፋል።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ በቁመት እኔን ደረሰ። ትንሿ ጥርሷ ወለቀ። ጣራ ላይ እንወርውረው ብያት ነበር፤ ግን የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው፣ ጣራው የማን እንደሆነ እንጃ። ጥርሱ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።

የግፊት መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ። ፍልሰታ ደረሰ፤ ንስሐ አባትሽን አስፈቅጂና በሰዓቱ ዋጪ። “ሕመምተኛ አይደለሁም” እንደምትያቸው አውቃለሁ።

እህቴን ስጠይቃት “ትንሽ ድካም ብቻ ነው” አለችኝ። ይህችን “ትንሽ ድካም” አውቃታለሁ። አባዬንም እንዲሁ ነበር ያላችሁኝ። መርዶ ነጋሪዎቹ ሳይነጋ በሬን ሲያንኳኩ አርባው ወጥቶ ነበር። “በሰው አገር ብቻውን ነው፣ አትንገሩት” ያልሽው አንቺ ነሽ። አዝነሽልኝ ነው፣ ይገባኛል። ግን እናንተ ተሰብስባችሁ አልቅሳችሁ ወጣላችሁ፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። አንድ ቀን እንኳ አንስተሽው አታውቂም። እኔም አላነሳሁትም።

ክፉውን ያርቀውና፣ ሁሉ ቢቀናኝ ከቤቴ እስከ ደጃፍሽ ከአንድ ቀን ያልፋል። ትኬት እስኪገኝ፣ ከሥራ እስኪፈቀድልኝ ያለው ሳይቆጠር። የእኛ አገር ቀብር ደግሞ ቢያድር አንድ ሌሊት ነው። ለልቅሶ ብትጠሩኝ አልደርስም፣ እማዬ። ለሕመም ብትጠሩኝ ግን እደርሳለሁ። (አንቺ የምታነቢላት፣ ይህችን እንዳትዘያት። ላንቺም ነው የጻፍኩት።)

ለጥምቀት እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። አሁን ጥምቀትን የምጠብቅ አይመስለኝም። ያን ሰሞን ትኬቱም እሳት ነው። ሐኪሙ ያለሽን ራስሽ ንገሪኝ። እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ፤ ስልኩን ለእህቴ አቀብለሽ እንዳትሄጂ።

ልጅሽ