የባክቴሪያው መለያ ቁጥርም ይታወቅ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

መድኃኒት ስለተላመዱ ባክቴሪያዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ አንድ ነገር ዘሎታል፤ ባክቴሪያው ከየት መጣ የሚለውን። በአንድ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሦስት ልጆች ክሌብሲየላ በሚባለው ባክቴሪያ ቢታመሙ፣ የሦስቱም የላብራቶሪ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ያው ስም ነው። ከልጅ ወደ ልጅ ተላልፎ ይሁን ለየብቻ የመጣ፣ ስሙ አይናገርም። በ1998 እ.ኤ.አ. ለማጅራት ገትር ባክቴሪያ የተጀመረው፣ ዛሬ ለክሌብሲየላም የሚያገለግለው የዘረመል ምደባ ግን ፍንጭ ይሰጣል። ከባክቴሪያው 7 ጂኖች (የዘረመል ክፍሎች) ይነበባሉ፤ ለየዓይነቱ መለያ ቁጥር ይወጣለታል። ቁጥሩ ከተለያየ መተላለፉ ያጠራጥራል። አንድ ከሆነ ሙሉ ዘረመሉ ይነበብ፤ እስከዚያው ሲንኩ፣ የኦክስጅን ቱቦው፣ የባለሙያው እጅ ሳይቀር ይፈተሽ። አለበለዚያ የእናት ዕንባ ነው የሚተርፈው! በኮሮና ጊዜ የቫይረሱን ዘረመል ያነበቡ ማሽኖች አገራችን ውስጥ አሉ። ሆስፒታሎች ከጨቅላዎች ደም የተገኘውን ባክቴሪያ አይጣሉት፤ በማቀዝቀዣ አቆይተው በየወሩ ለኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላኩት።