ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

መተዳደሪያዬ የቀላልና የከባድ ተሽከርካሪዎች ጥገና ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሙያችን ውስጥ ሥር እየሰደደ የመጣ አንድ ልማድ ስላሳሰበኝ ሲሆን፣ እርሱም የብልሽቱ መንስኤ ተጣርቶ ሳይታወቅ ዕቃ መቀየር ነው። ባለንብረቱ በእጁ ይዞ ለሚያየው አዲስ ዕቃ ሳያንገራግር ይከፍላል፤ ብልሽቱ ከየት እንደመጣ ለመፈለግ ለዋለው ሰዓት ክፍያ ሲጠየቅ ግን «ምን ሠራህና?» ይላል። መካኒኩም ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ፍለጋውን ትቶ ወደ መፍቻው ይቸኩላል። በመካከሉ ደህና የነበረ ዕቃ ተፈትቶ ይጣላል፣ ብልሽቱ ግን ከነበረበት አይነቃነቅም።

ነገሩን ከሁሉም በሚዘወተረው ችግር፣ በሞተር አልነሳ ማለት ላስረዳ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ አቃስቶ ዝም ካለ አብዛኛው ሰው ባትሪው ሞቷል ብሎ ይደመድማል። ይህን ግን መገመት አያስፈልግም፤ መለካት ይቻላል። ሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባለ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ወደ 12 ቮልት ከወረደ አብዛኛው ኃይሉ አልቋል ማለት ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ በአብዛኞቹ መኪኖች ባትሪ ጫፎች ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ መታየት ይገባዋል፤ ከዚያ በእጅጉ ካነሰ ጥፋቱ ባትሪውን በሚሞላው ዲናሞ፣ በቺንጋው ወይም በሽቦዎቹ በኩል ይፈለጋል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ አዲስ ባትሪ ቢገጠም እርሱም ብዙ ሳይቆይ እንደ አሮጌው ባዶ ይሆናል።

አንድ ባለ24 ቮልት የጭነት መኪና ሁለቱም ባትሪዎቹ ተቀይረው፣ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው ሞተሪኖም በአዲስ ተተክቶ፣ ሞተሩ ግን እንደቀድሞው በዝግታ እየዞረ አልነሳ እንዳለ ወደ እኔ መጣ። ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ በባትሪው የኔጌቲቭ ጫፍና በሞተሩ ብረት መካከል ያለውን ቮልት ስለካ ከ2 ቮልት በላይ ሆኖ አገኘሁት፤ ጤናማ በሆነ መስመር ላይ ይህ ልዩነት ከግማሽ ቮልት በታች ሊሆን ይገባ ነበር። ጥፋቱ ሻሲውን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው ገመድ ጫፍ ላይ፣ ከብሎኑ ሥር የተጠራቀመው ዝገት ነበር። ቦታው ተፍቆና ጸድቶ ገመዱ በሚገባ ሲታሰር ሞተሩ ተነሳ። ከእኔ በፊት ያዩት ባለሙያዎች ይህንኑ ገመድ በኦም ለክተው ደህና ነው ብለው ነበር፤ አልዋሹም። የኦም መለኪያ በገመዱ ውስጥ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት በመሆኑ አንዲት ቀጭን የሽቦ ክር ብቻ ብትተርፍም ገመዱን ደህና አስመስሎ ያሳያል። ሞተሪኖ ግን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል፤ በ200 አምፔር ላይ የአንድ ኦም አንድ መቶኛ የምታህል እንቅፋት ብቻዋን 2 ቮልት ታስቀራለች። ስለዚህ እንዲህ ያለው መስመር መለካት ያለበት ሞተሪኖው እየዞረ ኤሌክትሪክ በሚስብበት ጊዜ ነው። ልኬቱ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ ባለንብረቱ ግን ለሁለት ባትሪና ለአንድ ሞተሪኖ ከፍሎ ነበር።

ወደ ኮምፒውተር መመርመሪያው ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነውና። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ደግሞ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ከ2001፣ ለናፍጣ መኪኖች ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ባለ16 ጫፍ ሶኬት ያለው አንድ ወጥ የብልሽት መመዝገቢያ ሥርዓት ግዴታ ሆኗል። ይህ ለሙያው ትልቅ እርዳታ ነው፤ እኔም ያለ እርሱ መሥራት አልሻም። ችግሩ መሣሪያው የሚያወጣው ኮድ የሚገዛ ዕቃ ስም ተደርጎ መነበቡ ነው። ፒ0171 የሚባለውን ኮድ እንውሰድ። ኮዱ የሚናገረው ወደ ሞተሩ የሚገባው ድብልቅ አየር የበዛበት ወይም ቤንዚን ያነሰው መሆኑን ብቻ ነው። ብዙዎች ይህን እንዳዩ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን የኦክስጅን ሴንሰር ይቀይራሉ፤ ጉድለቱን ያየው ያው ሴንሰር መሆኑን፣ አይቶም ብዙውን ጊዜ በትክክል መመስከሩን ልብ አይሉም። መንስኤው ከአየር መለኪያው በኋላ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ፣ የደከመ የቤንዚን ፖምፓ፣ የታፈነ ፊልትሮ ወይም ከሴንሰሩ በፊት የሚያፈስ የጭስ ቱቦ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለመለየት ኮምፒውተሩ በቤንዚኑ መጠን ላይ የሚያደርገውን ማስተካከያ በመቶኛ እያነበቡ ሞተሩን በተለያየ ፍጥነት ማየት ይበቃል። ማስተካከያው ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ፣ ሲሠራ ከፍ ብሎ፣ በደቂቃ ወደ 2500 ዙር ሲደርስ የሚቀንስ ከሆነ አየር በስንጥቅ እየገባ ነው፤ ምክንያቱም ሞተሩ ብዙ አየር በሚስብበት ጊዜ በስንጥቁ የሚገባው ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ይሆናል። በተቃራኒው ጭነት ሲበዛ ማስተካከያው እየጨመረ ከሄደ ቤንዚን እያጠረው ነውና ፖምፓውና ፊልትሮው ይመረመራሉ።

በከባድ ተሽከርካሪዎች ላይ ኮዱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች አሉት። አንዱ የትኛው መለኪያ ወይም ክፍል እንደሆነ ሲጠቅስ፣ ሁለተኛው የጥፋቱን ዓይነት ይገልጻል፤ ለምሳሌ 3 ቁጥር ቮልቱ ከሚገባው በላይ መሆኑን፣ 4 ቁጥር ከሚገባው በታች መሆኑን፣ 5 ቁጥር ደግሞ ኤሌክትሪኩ አንሶ መስመሩ ሳይቋረጥ እንዳልቀረ ያመለክታል። የሴንሰርን ጥፋት ከሽቦ ጥፋት ለመለየት መንገድ የሚከፍተው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ይታለፋል። ባለንብረቶችንም አንድ ነገር ልለምን፦ መኪናውን ወደ ጋራዥ ከማምጣታችሁ በፊት ኮዱን አታስጠፉ። ኮምፒውተሩ ኮዱን ሲመዘግብ በዚያች ቅጽበት የሞተሩ ሙቀት፣ ፍጥነትና ጭነት ምን ያህል እንደነበረ አብሮ ያስቀምጣል፤ ኮዱ ሲጠፋ ይህም አብሮ ይጠፋል፣ የመካኒኩም ፍለጋ ከባዶ ይጀምራል።

ናፍጣ መኪኖች ላይ ደግሞ ጥፋቱ ናፍጣ ወደ ሞተሩ በሚረጨው ኢንጀክተር ላይ መላከኩ የተለመደ ነው። ዳገት ላይ ጉልበት እያነሰው ጥቁር ጭስ የሚተፋ መኪና ናፍጣው ሊቃጠልበት የሚችል በቂ አየር አላገኘም ወይም ናፍጣው በዝቷል ማለት ነው። አየሩን መፈተሽ ቀላልና ርካሽ ሆኖ ሳለ ከኢንጀክተሩ መጀመር ለእኔ ፈጽሞ አይገባኝም። የአየር ፊልትሮው ታፍኖ እንደሆነ፣ አየር ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ተርቦ አየሩን እስከሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር፣ ከዚያም እስከ ሞተሩ ያሉት የጎማ ቱቦዎች አየር እንደያዙ ይታይ። እነዚህ ቱቦዎች መኪናው ቆሞ ሲታዩ ደህና ይመስላሉ፤ ስንጥቃቸው የሚከፈተው ተርቦው አየር ሲገፋባቸው ነው። ስለዚህ በአየር ተወጥረው የሳሙና ውኃ ይፈስባቸዋል፣ ወይም መኪናው በጭነት እየተነዳ ግፊቱ ይነበባል። ስለ ናፍጣ ካነሳሁ አይቀር ወጣት የሙያ ባልደረቦቼን በብርቱ የማስጠነቅቀው አለ። በዘመናዊ የናፍጣ ሞተሮች ውስጥ ያለው ግፊት ከ2000 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ሞተሩ እየሠራ የሚያፈስበትን ቦታ በእጅ ዳስሶ ለማግኘት መሞከር ናፍጣውን ቆዳ አስበስቶ ወደ ሥጋ ማስገባት ነው። ቁስሉ ከላይ ሲታይ ትንሽ ነጥብ ቢመስልም ውስጡን ስለሚጎዳ ሰውየው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

ሞተር ከልክ በላይ ሲሞቅ የውኃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ሌላው መንስኤን የመሸሽ መንገድ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በቀላል መንገድ ላይ ከሚገባው በታች እየቀዘቀዘ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ያልሞቀ መስሎት ነዳጅ ይጨምራል፣ ዘይቱም ውስጡ የገባውን እርጥበት አትንኖ ለማስወጣት የሚበቃ ሙቀት ስለማያገኝ ይበላሻል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ እንዲያውም ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውኃው ወደ ራዲያተሩ ሳይገባ የሚመለስበትን አቋራጭ የሚዘጋው እርሱ ራሱ ስለሆነ፣ እርሱ ሲወጣ ሞተሩ ከበፊቱ የባሰ ይሞቃል። መጠየቅ ያለበት መቼ ነው የሚሞቀው የሚለው ነው። በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ሞቆ ፍጥነት ሲያገኝ የሚበርድ ከሆነ በራዲያተሩ በኩል አየር ወደሚያሳልፈው ቬንቲላተር እንሄዳለን። በፍጥነትና በዳገት የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጡ መደፈኑን፣ የውኃ ፖምፓውን፣ የራዲያተሩን ክዳንም እንመረምራለን። ክዳኑ በውስጡ 1 ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት እንዲኖር ሲይዝ ውኃው የሚፈላበት ሙቀት ከ100 ወደ 120 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል፤ ያረጀ ክዳን ይህን ስለማይይዝ ምንም ያልተበላሸ ሞተር ውኃውን ሊያፈላ ይችላል።

መቼ ነው የሚለውን ጥያቄ በትክክል ሊመልስ የሚችለው መኪናውን የሚነዳው ሰው ነው። ብዙ ባለንብረቶች ግን መኪናውን በሌላ ሰው እጅ «ችግር አለበት፣ ይታይ» በሚል ቃል ብቻ ይልካሉ። ድምፁ የሚሰማው ሲነሳ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ፣ ባዶውን ነው ወይስ ጭኖ፣ ፍሬን ሲያዝ ነው ወይስ ሲታጠፍ፣ ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን ተሠርቶለት ነበር የሚሉትን የሚመልስልኝ ሹፌር ፍለጋዬን በግማሽ ያሳጥርልኛል። ከቅርብ ጊዜ ጥገና በኋላ የጀመረ ብልሽት ብዙ ጊዜ ከዚያው ጥገና ጋር ይያያዛልና ይህ አይደበቅ።

እስካሁን ያነሳሁት ገንዘብና ጊዜ ስለሚያባክን ነገር ነው። በከባድ መኪና የአየር ፍሬን ላይ ግን መንስኤን ሳያጣሩ መጠገን ሰው ይገድላል። ራሱን በራሱ የሚያስተካክል የፍሬን ማስተካከያ የተገጠመለት መኪና ፍሬኑ ደጋግሞ እየላላ ሲመጣ በመፍቻ አጥብቆ መሸኘት በየቦታው ይታያል። ይህ ማስተካከያ በእጅ መነካት የሚያስፈልገው ከሆነ ወይ ራሱ ተበላሽቷል፣ ወይ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ሌላ ክፍል ተበልቷል ወይም አላግባብ ተገጥሟል። ዛሬ ቢጠብቅም ተመልሶ ይላላል፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ታምቡር ግሎ ሲሰፋ፣ ተጭኖ የሚይዘው ሸራ እርሱን ለማግኘት ተጨማሪ ርቀት መጓዝ ስላለበት፣ ቀድሞውኑ የላላው ፍሬን ያን ጊዜ ጨርሶ አይዝም። ይህን እያወቀ «ለአሁኑ ይበቃል» የሚል መካኒክም ሆነ «ለዛሬ ብቻ አድርስልኝ» የሚል ባለንብረት በመንገዱ ላይ ያሉትን ሰዎች ያስብ። የእጅ ፍሬኑን ብርቱ ስፕሪንግ የያዘውን ቻምበር ለመክፈት የሚሞክርም አይኑር፤ ስፕሪንጉ ሲፈናጠር አጠገቡ ያለውን ሰው ሊገድል የሚችል ኃይል አለው፤ የተበላሸው በአዲስ ይተካል እንጂ አይፈታም።

ባለንብረቶች ለምርመራ መክፈል ቅር የሚላቸው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የምርመራ ገንዘብ ተቀብሎ መሣሪያውን ሰክቶ ኮድ ከማንበብ በቀር ምንም ያላደረገ ጋራዥ ገጥሟቸዋል። ስለዚህ እኛ መካኒኮች የለካነውን በቁጥር ጽፈን እንስጥ፦ ከጥገናው በፊት ስንት ነበር፣ ከጥገናው በኋላ ስንት ሆነ፣ የወጣውስ አሮጌ ዕቃ የታለ። ባለንብረቱም ዕቃ ይቀየር ሲባል ምን ተለክቶ እንዲህ እንደተባለ ይጠይቅ፤ በትክክል የመረመረ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም። ለማጅ ወጣቶችም ከመፍቻው ጋር የቮልት መለኪያና የኤሌክትሪክ መስመር ንድፍ ማንበብ ይሰጣቸው፤ ዛሬ ባሉት መኪኖች ላይ ያለ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ርቀት መሄድ አይቻልም።

ንድፉን ማግኘት ራሱ ግን ለብዙ ጋራዦች ከባድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ደንብ የመኪና አምራቾች የጥገና መረጃቸውን ከራሳቸው ጋራዦች ውጭ ላሉ ጠጋኞችም ተደራሽ እንዲያደርጉ አስገድዷል። መረጃው በክፍያ ቢሆንም እንኳ በሕግ የሚገኝ መሆኑ በግምት የሚቀየሩትን ዕቃዎች ቁጥር እንደሚቀንስ ከሥራዬ አምናለሁ፤ እንዲህ ያለው ግዴታ በሌለበት ሁሉ የመንገድ ትራንስፖርት ጉዳይ የሚመለከታቸው ባለሥልጣናት ጥያቄውን ለአምራቾችና ለአስመጪዎች እንዲያቀርቡ፣ ጋዜጣችሁም ጉዳዩን በዓምዶቹ እንዲያወያይበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የከባድና የቀላል ተሽከርካሪዎች መካኒክ