የመምረጫ ካርዱን ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አትጣሉት

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

የስዊድን የዜግነት ሕግ እየጠበቀ ስለመሄዱ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ለዜግነት የሚጠየቀውን የኑሮ ዘመን ከ5 ዓመት ወደ 8 ዓመት ለማሳደግ መንግሥት ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ያለነውን ምን ያህል እንዳስጨነቀን በሚገባ አሳይታችኋል። ሆኖም አስተያየታቸውን ከሰጧችሁ ሰዎች አንዱ «ዜጋ እስክንሆን ድረስ በዚህ አገር ድምፅ የለንም» ሲሉ ማንም ሳያርማቸው አልፏል። ይህን አባባል በቤተ ክርስቲያን ግቢም፣ በማኅበር ላይም፣ በሥራ ቦታም ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ትክክል አይደለም።

ዜግነት የሚያስፈልገው ለፓርላማው፣ ማለትም ለሪክስዳግ ለመምረጥ ነው። ለኮሙን፣ ማለትም ለአካባቢው አስተዳደር፣ ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ለመምረጥ አያስፈልግም። የውጭ አገር ሰው በእነዚህ ሁለት ምርጫዎች ድምፅ መስጠት የጀመረው ኦሎፍ ፓልመ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተቀመጠው መስፈርት ሁለት ነው፤ በምርጫው ቀን 18 ዓመት መሙላት፣ ከዚያ በፊትም ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በነዋሪዎች መዝገብ (ፎልክቦክፎሪንግ) ላይ መገኘት። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ የኖርዌይና የአይስላንድ ዜጎች ሦስት ዓመት አይጠበቅባቸውም። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ቋሚ ይሁን ጊዜያዊ ሕጉ አይጠይቅም። በኮሙን ምርጫ መምረጥ የሚችል ሰው ለዚያው ምክር ቤት መመረጥም ይችላል።

ሦስቱ ዓመታት ከየት ጀምረው እንደሚቆጠሩ ግን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ጥገኝነት ጠይቃችሁ መልስ የጠበቃችሁበት ጊዜ አይታሰብም። ቆጠራው የሚጀምረው ፈቃድ አግኝታችሁ የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ስካተቨርኬት፣ በመዝገቡ አስገብቷችሁ ፐርሶን ኑመር (የግል መለያ ቁጥር) ከተሰጣችሁበት ቀን ነው። ከማልሞ ወደ ስቶክሆልም መዛወር ቆጠራውን አያቋርጥም። ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ለመቆየት ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዱባይ ሄዶ ከመዝገቡ የወጣ ሰው ግን ሲመለስ ከአንድ ይጀምራል።

በመራጭነት ለመመዝገብ የሚሞላ ቅጽ የለም። በመዝገቡ ላይ ካላችሁ ስማችሁ በራሱ ከመራጮች ዝርዝር ይገባል፤ ረስትኮርት የሚሉት የመምረጫ ካርድም በፖስታ እስከ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። በየትኞቹ ምርጫዎች መሳተፍ እንደምትችሉ ካርዱ ላይ ተጽፏል። እንግዲህ ይህን ወረቀት ነው ሰዉ ከሱቅ ማስታወቂያ ጋር ጠቅልሎ የሚጥለው፤ «ለዜጎች የተላከ ነው፣ በስሕተት መጥቶ ነው» እያለ።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አብዛኞቻችን አሜሪካ ወንድም ወይም እኅት አለን። እዚያ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው፤ እስከ መባረርም ያደርሰዋል። ዘመዶቻችን በስልክ የሚያስጠነቅቁን ለእኛ አስበው ነው፤ ለእነሱ አገር ምክራቸው ልክ ነው። የስዊድን ሕግ ግን ሌላ ነው። እዚህ በኮሙን ምርጫ መሳተፍ የመኖሪያ ፈቃድን አይነካም። የኢትዮጵያ ዜግነታችንንም አያሳጣንም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ዜግነት የሚያሳጣው የሌላ አገር ዜግነት መውሰድ ነው፤ ለመኖሪያ ሰፈር ምክር ቤት ድምፅ መስጠት ዜግነት መውሰድ አይደለም። ፓስፖርታቸውን መተው ከብዷቸው፣ ወይም እናት አባታቸውን የመጦር ነገር አሳስቧቸው ሃያ ዓመት ሙሉ ዜግነት ያልጠየቁ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ከማንም በላይ ይህ መብት የተሠራው ለእነሱ ነው።

ኮሙን ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ የምሠራው በአረጋውያን እንክብካቤ ነው። በአንድ ፈረቃ ስንት ሰው እንደሚመደብ፣ ለአንድ አዛውንት ስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ ከኮሙኑ በጀት ጋር የተያያዘ ነው። የልጆቻችን ዳጊስ (መዋዕለ ሕፃናት) እና ትምህርት ቤት፣ አዲስ የመጡት የሚማሩበት የስዊድንኛ ትምህርት፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮው ሁሉ የኮሙን ነው። ጤና ጣቢያው፣ ሆስፒታሉ፣ አውቶቡሱ የክልል ነው። ከደመወዛችን የሚቆረጠውን ግብርም እዩት። ከፍተኛ ደመወዝ የሌለው ሠራተኛ ከገቢው የሚከፍለው ለኮሙንና ለክልሉ ነው፤ በአገር ደረጃ አማካዩ 32 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የመንግሥት የገቢ ግብር የሚመጣው ከተወሰነ የገቢ ጣሪያ በላይ ለሚያገኙት ነው። ስለዚህ የእኛ ገንዘብ የሚሄደው በቀጥታ እንድንመርጣቸው ወደተፈቀደልን ሁለት ምክር ቤቶች ነው። ይህን ሳስብ ዝም ማለት ያቅተኛል።

እ.ኤ.አ. በ1976 የመምረጥ መብት ካገኙት የውጭ ዜጎች 60 በመቶ ያህሉ ወጥተው መርጠው ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ብቻ ነው የሚመርጠው። በ2022 ከጠቅላላው የኮሙን መራጭ ከመቶ ሰማንያው ድምፁን ሰጥቷል። ፖለቲከኞች ይህን ልዩነት ያውቁታል። ስደተኞች ወደሚበዙባቸው ሰፈሮች፣ ስቶክሆልም ውስጥ ወደ ሪንኬቢና ቴንስታ፣ ጎተንበርግም ወደ አንገሬድ ስንት ጊዜ ቢመላለሱ እንደሚያዋጣቸው ያሰላሉ።

ለእኛ ደግሞ አንድ የቀን አቆጣጠር ችግር አለብን። የ2022 ምርጫ የዋለው መስከረም 1 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር። ቀጣዩ እሑድ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 2026 ነው፤ በእኛ መስከረም 3 ቀን 2019። ከአዲስ ዓመት ቀጥሎ ያለ እሑድ በመሆኑ ብዙው ማኅበር በዓሉን የሚያከብረው በዚያ ቀን እንደሚሆን ግልጽ ነው። ግን እስከዚያ ቀን መጠበቅ የለብንም። ቀድሞ ድምፅ መስጫው ከምርጫው 18 ቀን አስቀድሞ፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 20 ይከፈታል፤ ፍልሰታ ተፈትቶ በዓሉ ሳይደርስ ማለት ነው። በቤተ መጻሕፍትና በመሳሰሉት ቦታዎች ይሰጣል፤ ካርዱንና መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው። ካርዱ ከጠፋ እዚያው ያትሙላችኋል። መታወቂያ የሌለው ሰው ማንነቱን የሚመሰክርለት፣ የራሱን መታወቂያ የሚያሳይ ሰው ይዞ መምጣት ይችላል። ነጩ ወረቀት ለኮሙን፣ ሰማያዊው ለክልል ነው፤ ቢጫው የሪክስዳግ ስለሆነ ለዜጎች ብቻ ነው። ቀድሞ ሰጥቶ ሐሳቡን የለወጠ ደግሞ በምርጫው ቀን ወደ ራሱ ምርጫ ጣቢያ ሄዶ እንደገና መምረጥ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የአድራሻ ጉዳይ ነው። ቤት ስለጠፋ ብዙ ወገኖቻችን በአንድራ ሃንድ፣ ከተከራይ ተከራይተው ይኖራሉ፤ አከራዩ «በዚህ አድራሻ እንዳትመዘገብ» ይላቸዋል። ታዲያ በድሮ ቤታቸው፣ በጓደኛ ቤት፣ አንዳንዴም በሌላ ኮሙን ተመዝግበው ይቀራሉ። ካርዱ ለማያገኛቸው ሰው ይደርሳል፤ ድምፃቸውም ልጃቸው ለማይማርበት ኮሙን ይሆናል። ከዚያም ይብሳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ሐሰተኛ አድራሻ ማስመዝገብ ወይም መዛወርን ሳያሳውቁ መቅረት በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። ሰው በሚኖርበት ቤት መመዝገብ ግዴታው ነው፤ አከራዩ የመከልከል ሥልጣን የለውም። የመራጮች ዝርዝር የሚዘጋው ምርጫው 30 ቀን ሲቀረው፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 8 ነው። ስሙ የቀረ ወይም የተሳሳተበት ሰው እስከ ነሐሴ 26 ድረስ ለሌንስቲረልሰን (በየአውራጃው ላለው የመንግሥት አስተዳደር ቢሮ) አቤት ማለት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ የለም።

እናንተን የምለምነው እነዚህን አራት ቀኖች፣ ነሐሴ 8ን፣ ነሐሴ 20ን፣ ነሐሴ 26ንና መስከረም 3ን፣ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ከሐምሌ ጀምሮ በየሳምንቱ እንድታወጡልን ነው። አባቶችና የማኅበር መሪዎች ደግሞ ማንንም ፓርቲ ሳይጠሩ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሚነገረው ማስታወቂያ ላይ ቢያነቡልን፤ ስዊድንኛ የሚያነቡ ወጣቶችም እናቶቻችንን ነሐሴ 20 ቀን ወደ ቅርባቸው ቤተ መጻሕፍት ቢያደርሱልን።

አንዲት አንባቢያችሁ
ከስቶክሆልም