ያልደረሱ የመፈልፈያ ዲስኮችና የማድረቂያ አልጋ ወንፊት

ቀን፦ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም

ለማሽን አምራች ድርጅቱ
ምርትና ሽያጭ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የዘገየ ርክክብን ይመለከታል

በውላችን መሠረት ባለ 3 ዲስክ የቡና መፈልፈያ ማሽንና የማድረቂያ አልጋ ሽቦ ወንፊት እስከ መስከረም 20 ጅማ መጋዘናችን መድረስ ነበረባቸው። የደረሰው ሻሲውና ሞተሩ ብቻ ነው። ዲስክ የሌለው መፈልፈያ ደግሞ ሞተር የተገጠመለት ጠረጴዛ ነው።

የሰጣችሁን ምክንያት ለዲስኮቹ የሚሆነው የመዳብ ሉህ በውጭ ምንዛሪ ወረፋ መያዙ ነው። ወረፋው እንዳለ እናውቃለን፤ ቅሬታችን በሥራ ቅደም ተከተላችሁ ላይ ነው። ሻሲው እዚሁ ተቆርጦ የሚበየድ ነው። ከውጭ የሚጠበቀው ሉሁ ሆኖ ሳለ የባንክ ማመልከቻው የቀረበው ሻሲው ካለቀ በኋላ መሆኑን ከላካችሁልን ቅጂ አይተናል።

የሽያጭ ሠራተኛችሁ «አሮጌውን ማሽን ክፍተቱን አጥብባችሁ ተጠቀሙ» ብለውናል። የአሮጌው ዲስክ እሸቱን የሚልጡ እብጠቶች ተበልተዋል፤ በዲስኩና በመፈልፈያ ብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ እሸቱ ሳይፈለፈል ያልፋል፣ ሲጠብ ፍሬው ይቆረጣል። የተቆረጠ ፍሬ ማብላያ ገንዳ ውስጥ ይበላሻል፣ ደረጃውንም ያወርዳል። «ዘንድሮ በደረቁ አዘጋጁት» የሚለው ምክር ደግሞ ይብሳል፤ ጀንፈል (ከነልጣጩ የሚደርቅ ቡና) አልጋ ላይ ከታጠበ ቡና ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ተጨማሪ አልጋ ይፈልጋል። የአልጋው ወንፊትም ያለው እናንተው ዘንድ ነው!

ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ጆንያ ውስጥ ካደረ ይግላል፣ ፍሬውን የሸፈነው ዝልግልግ ከነልጣጩ መብላላት ይጀምራል። ቅምሻ ላይ የሚወጣውን የኮመጠጠ ጣዕም ከዚያ ወዲያ ምንም እጥበት አያስለቅቀውም። ለቀማውም ተጀምሯል።

ስለዚህ ዲስኮቹን ከወንፊቱ ነጥላችሁ አስቀድማችሁ ላኩ። አይሱዙ እስኪሞላ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ይመጣሉ። በጣውላ መካከል ተጋድመው ይታሰሩ፤ የጎበጠ ዲስክ በአንድ ዙር ውስጥ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ይጠባል፣ በብሎንም አይስተካከልም። ቴክኒሻን አብሮ መጥቶ በውኃ ብቻ ሳይሆን በእሸት ሞክሮ ያስረክበን። ወንፊቱንም የተዘጋጀው ያህል ላኩልን፤ ቀሪው ይከተል።

ይህ ደብዳቤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 እና 1774 መሠረት ማስጠንቀቂያ ነው። ዲስኮቹ እስከ ጥቅምት 20 ካልደረሱ ማሽኑን አንረከብም፤ ሻሲውን በእናንተ ወጪ ታነሳላችሁ፣ ቅድሚያ ክፍያውንም በውሉ ከተጻፈው የመዘግየት ቅጣት ጋር እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የግዥ ኮሚቴ
የቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ ጅማ

ግልባጭ፦ ለሒሳብ ክፍል