ከዝርዝሩ ውጭ የሚቀሩ ችግረኛ ቤተሰቦች

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ መዋጮ መክፈል የማይችሉ አባወራዎችንና እማወራዎችን በመንግሥት ድጎማ እንዲያቅፍ ተደርጎ መቀረፁ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ በቀበሌ የሚካሄደው ልየታ በችግረኞች ቁጥር ሳይሆን በተያዘው በጀት ልክ ሲወሰን፣ ኑሮዋ ከጎረቤቷ የማይሻል እናት ከዝርዝሩ ውጭ ትቀራለች፤ ልጇ በሳንባ ምች ሲታመምባትም ለካርድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት መበደር ግድ ይሆንባታል። ክትባትና የወሊድ አገልግሎት በጤና ጣቢያዎች በነፃ መሰጠታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሕፃናት የሚታመሙት በነፃ በሚታከሙት በሽታዎች ብቻ አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመድኃኒት እጥረት ነው። መዋጮውን የከፈለ ቤተሰብ ከጤና ጣቢያው መድኃኒት አጥቶ ወደ ግል ፋርማሲ ሲላክ ዳግመኛ ከኪሱ ስለሚያወጣ፣ በቀጣዩ ዓመት አባልነቱን ለማደስ ቢያመነታ አይፈረድበትም፤ ጤነኞቹ አባላት በወጡ ቁጥር ደግሞ የጋራው ቋት እየሳሳ፣ ሸክሙ በሚታመሙት ላይ ይከብዳል። ወላጆቻቸውን አጥተው ከአያቶቻቸው ጋር ለሚኖሩ ልጆችም ተጨማሪ መዋጮ ሊጠየቅ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

የድጎማው በጀት በየወረዳው በምን መመዘኛ እንደሚመደብ ጤና ሚኒስቴርን ጠይቃችሁ ምላሹን እንድታስነብቡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ