የኩባንያ ቃል ፍርድ ቤት ላይም ይሥራ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ኩባንያዎች ማኅበራዊ ኃላፊነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ዛፍ ተከሉ፣ ትምህርት ቤት አሳደሱ፣ መጻሕፍት ለገሱ ይላል። ጥሩ ነው፣ ማንም አይጠላውም፣ ግን ስጨርሰው ውስጤ የቀረው ጥያቄ እነዚህ ኩባንያዎች በዛው በሚያምር ሪፖርታቸው ላይ "ሠራተኛ አንበድልም፣ ውሃ አንበክልም" ብለው የጻፉትን ቢያፈርሱ ማን ነው የሚጠይቃቸው የሚለው ነው።

ራና ፕላዛን አስታውሱ። ባንግላዴሽ ውስጥ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2013 የተደረመሰው ፎቅ ማለቴ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ከአንድ ቀን በፊት ሕንፃው ተሰንጥቆ ታይቷል፣ እታች ያሉት ባንክና ሱቆች ዘግተው ወጡ፣ ልብስ ሰፊዎቹን ግን በማግስቱ ግቡ አሏቸው ገቡም፣ 1,134 ሰው አለቀ። ካራቺ ደግሞ ከዛ በፊት በ2012 አሊ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰው ሞቷል፣ እና ይሄ ፋብሪካ እኮ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ኤስኤ 8000 የሚባለውን የማኅበራዊ ኃላፊነት ሰርተፍኬት የወሰደ ነበር! ሰርተፍኬት ያለው ፋብሪካ መስኮቱ በብረት ታጥሮ ሰው መውጫ አጥቶ ተቃጠለ። እኔ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ "ኦዲት ተደርጓል" የሚል ነገር ሳነብ ልቤ አያርፍም።

ሕጉ ጋ ስትሄዱ እናት ኩባንያው፣ ማለትም የሌሎች ኩባንያዎች ባለቤት የሆነው፣ በሕግ ዓይን ሌላ ሰው ነው፣ ቅርንጫፉ፣ ማለትም በሥሩ ያለው ኩባንያ፣ ሌላ ሰው ነው፣ አንዱ በሌላው ዕዳ አይጠየቅም ይላችኋል። ኩባንያ ከባለቤቱ የተለየ ሰው ነው ካለው ከእንግሊዙ የ1897 የሳሎሞን ፍርድ ጀምሮ የቆየ ነገር ነው፣ ለንግድ ጥቅም አለው አልክድም፣ ያለዛ ገንዘቡን ደፍሮ የሚያወጣ ጥቂት ነው። ችግሩ ትርፉ ወደ ላይ ሲወጣ ጥፋቱ እታች ይቀራል፣ የተጎዳው ሰው ደግሞ ባዶ ካዝና ያለው ቅርንጫፍ በር ላይ ይቆማል።

ተስፋ የሰጠኝ ግን አንድ ጉዳይ አለ። ዛምቢያ ቺንጎላ አካባቢ 1,826 ሰዎች የመዳብ ማዕድኑ ውሃችንንና መሬታችንን በከለብን ብለው እናት ኩባንያውን ቬዳንታን ለንደን ከሰሱት፣ ኩባንያው እኔን አይመለከትም አለ፣ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ክሱ እዛው ሊታይ ይችላል ብሎ ወሰነ። ከምክንያቶቹ አንዱ ምን መሰላችሁ፣ ራሱ ኩባንያው ባሳተመው ጽሑፍ የቅርንጫፎቹን የአካባቢ ጥበቃ እኔ እቆጣጠራለሁ ብሎ መጻፉ ነው። ለማስታወቂያ የተጻፈው ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። በኋላ በ2021 ጥፋተኛ ነኝ ሳይል በስምምነት ጨረሰው እንጂ በሩ ተከፍቷል።

እንዲህ ከሆነ ኩባንያዎች ፈርተው ቃል መግባት ያቆማሉ የሚል ሰው አውቃለሁ፣ እውነትም ይሆናል፣ ለዛ እኮ ነው ግዴታው በሕግ መጻፍ ያለበት። ፈረንሳይ በ2017 አድርጋዋለች፣ አገር ውስጥ 5,000 ወይም በዓለም ዙሪያ 10,000 ሠራተኛ ያለው ኩባንያ የቅርንጫፎቹንና የአቅራቢዎቹን አደጋ የሚከላከልበት እቅድ አውጥቶ እንዲተገብር ታስገድዳለች፣ ካላደረገ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

እናንተም በሚቀጥለው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስታወጡ ኩባንያውን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልኝ፣ ይሄ ቃላችሁ ቢፈርስ የተጎዳው ሰው እናንተን የት ነው የሚከሰው? መልሱንም አትሙልን።

አንባቢያችሁ